የባግዳድን ሥልጣኔ ማድነቅ ሃይማኖትን ያጎድላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የማጠናው። የመመረቂያ ጽሑፌን በጥንቱ የእስልምና ሥልጣኔ፣ በተለይም በአባሲዶች (ከባግዳድ ሆነው በገዙት የኸሊፋዎች ሥርወ መንግሥት) ዘመን ባግዳድ ላይ ልሠራ ነው። ለጥናቱ ቁርኣን ማንበብ ይኖርብኛል። ሳነብ ደግሞ በሥልጣኔው እየተደነቅኩ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ግን «ሃይማኖትህን ይሸረሽርብሃል፣ ርእስ ቀይር» አለኝ። ምን ላድርግ? ንስሐ ልግባበት?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ንስሐ የሚገባው ለኃጢአት ነው፤ ታሪክ ማጥናት ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ሙሴ የግብፆችን ጥበብ ሁሉ እንደተማረ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሲናገር እየነቀፈው አልነበረም። ዳንኤልም የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል፤ በንጉሡ ማዕድ ግን አልረከሰም። ያቺ ባቢሎን ከባግዳድ ብዙም አትርቅም።

ጓደኛህ ያ ሥልጣኔ ክርስቲያን ያልደረሰበት መስሎታል። አንተም እንዲያ እንዳታየው እሰጋለሁ። ኸሊፋው አል መንሱር ባግዳድን በ762 በጤግሮስ ዳር ሲመሠርት (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዙሪያው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኸሊፋው ሲታመም የተጠራለት ሐኪም ከፋርሷ ከተማ ከጎንደሻፑር የመጣው ክርስቲያኑ ጆርጂስ ኢብን ቡኽቲሹ ነው። ልጅና የልጅ ልጁም በቤተ መንግሥት ሐኪምነት ቀጠሉ። የግሪክን የሕክምናና የፍልስፍና መጻሕፍት ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ከመለሱት ሊቃውንት ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ወጪውን የቻሉት ግን ኸሊፋዎቹና ባለጸጎቹ ናቸው። ይህንንም አንክድም።

ከሁሉ ሐኪሙንና ተርጓሚውን ሑነይን ኢብን ኢስሐቅን በደንብ አጥናው። በኢራቅ የምትገኘው የሂራ ከተማ ሰው ነው፤ ከ808 እስከ 873 ኖረ። በሃይማኖት ንስጥሮሳዊ ስለሆነ ከአባቶቻችን ጋር አንቆጥረውም። ሥራው ግን ያስደንቃል። አንድ መጽሐፍ ከመተርጎሙ በፊት የተለያዩ ቅጂዎችን ሰብስቦ ያመሳክር ነበር። የጥንቱን የግሪክ ሐኪም የጋሌንን አንድ መጽሐፍ ፍለጋ ሶርያን፣ ፍልስጥኤምንና ግብፅን ዞሮ፣ እስክንድርያ ድረስ ሄዶ፣ ያገኘው ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ እሱንም ደማስቆ ላይ።

ስለ እሱ የሚተረክ አንድ ነገር አለ፤ የድሮ የዐረብ የሐኪሞች ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። ኸሊፋው ጠላቴን የምገድልበት መርዝ ቀምምልኝ አለው። የማውቀው የሚጠቅም መድኃኒት ብቻ ነው ብሎ እንቢ አለ። ታሰረ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰይፍና ገንዘብ ፊቱ ተደርድሮ ተጠየቀ። አሁንም እንቢ! ኸሊፋው ልፈትንህ ነበር ብሎ ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ ሁለት ነገር ይከለክለኛል አለ፤ ሃይማኖቴ ለጠላት እንኳ በጎ አድርግ ይላል፣ ሙያዬም የሰውን ልጅ እንድጠቅም እንጂ እንድጎዳ አልተሰጠኝም። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ባስተምር ይህን ሳልናገር አላልፍም።

በሌላ በኩል ዘመኑን ገነት አድርገህ አትጻፍ። ክርስቲያኖች ጂዝያ የሚባል የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍሉ ነበር። ሑነይን ያገለገለው ኸሊፋ አል ሙተወኪል ራሱ በ850 ክርስቲያኖችና አይሁድ በልብሳቸው እንዲለዩ፣ አዲስ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲፈርሱ አዘዘ። ያው ሰው፣ ያው ዘመን። ሁለቱንም ጻፍ።

ጓደኛህን ደግሞ ስለ እስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ስለ አባ ብንያሚን ጠይቀው። በክርስቲያኖቹ በቢዛንታይን ገዢዎች ተሳድዶ ዓመታት በስደት ተሸሸገ። ዐረቦች ግብፅን ሲይዙ የጦር አዛዡ ዐምር የደኅንነት ቃል ሰጥቶ ወደ መንበሩ መለሰው። ይህን ያቆየልን የራሷ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የታሪክ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ የግብፅ አባቶች ቀስ በቀስ በዐረብኛ መጻፍ ጀመሩ። ስንክሳራችን፣ ሃይማኖተ አበው፣ ፍትሐ ነገሥት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከዐረብኛ ነው። ዐረብኛን የሚፈራ ሰው እነዚህን የት ሊያደርጋቸው ነው?

ቁርኣንን ለጥናት ማንበብህን በተመለከተ፣ የንስጥሮሳውያኑ ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ቀዳማዊ ከኸሊፋው አል መህዲ ጋር ሁለት ቀን በሃይማኖት ሲነጋገር ከቁርኣን እየጠቀሰ ይመልስ ነበር። ሳያከብደው፣ ሳይሳደብ፣ እምነቱንም ሳይደብቅ። ያላነበቡትን መጥቀስ አይቻልም። አንተም ከማንበብህ በፊት የራስህን ሃይማኖት አጥብቀህ ያዝ። በተለይ ምሥጢረ ሥላሴንና ምሥጢረ ሥጋዌን ከመምህር ዘንድ ተቀምጠህ ተማር፤ ከስልክ ቪዲዮ ለቃቅመህ አይሆንም። የዕለት ዳዊትህን በጥናት ምክንያት አታጓድል። የሚያስጨንቅ ጥያቄ ቢያጋጥምህ ብቻህን አትያዘው፣ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። የሙስሊም የክፍል ጓደኞች ካሉህም ስለማታውቀው ነገር እነሱን ጠይቅ፤ ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ። ርእሱን አትቀይር።