ስፖንሰር ልትጠይቁ ስትሄዱ ይሉኝታን እቤት ትታችሁ ሂዱ

ሰላም ወገኖች፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደውሎ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ስፖንሰር ልንፈልግ ነው ከየት እንጀምር አለኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፣ ሲጨርስ ይሄን ለምን አትጽፈውም ስላለኝ ነው የጻፍኩት። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ስኖር ሃያ አመት ሊሞላኝ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ የኮሚኒቲ ዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ ስፖንሰር የሚፈልገው ሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ አሉ። ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ጠብቄ ደብዳቤዬን ይዤ ገባሁ፣ ቡና አቀረቡልኝ፣ ደብዳቤውን ተቀበሉና ሳያነቡት ሂሳብ የሚቀበሉበት ባንኮኒ ስር ያለውን መሳቢያ ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ጢም ብሏል። የቤተክርስቲያን፣ የኳስ ቡድን፣ የተማሪዎች ማህበር፣ የኮንሰርት፣ ሁሉም «ለተከበሩ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ነው። «ልጄ ለሁሉም የአቅሜን ሰጥቻለሁ፣ አንዱ ግን ተመልሶ መጥቶ ዝግጅቱ እንዴት ዋለ ያለኝ የለም» አሉኝ። እውነት ነው፣ እኛም ካለፈው አመት ብራቸውን ወስደን አልተመለስንም ነበር። ያን ቀን ምንም ሳልጠይቃቸው ነው የወጣሁት።

የኛ ሰው በይሉኝታ ይሰጣል፣ ይሄ ደግነቱ ነው፣ ግን በይሉኝታ የሰጠ ሰው በሚቀጥለው አመት ስታዩት መንገድ ይቀይራል። እኛም የምንጠይቀው በይሉኝታ ነው፣ «የቻላችሁትን ያህል» ብለን ዝም። እባካችሁ የቻላችሁትን አትበሉ፣ ቁጥሩን ጥቀሱ። አምስት መቶ ዶላር ከሆነ አምስት መቶ በሉ፣ ለምን እንደሆነም ንገሩ፣ የአዳራሹ ዴፖዚት (ቀብድ) ነው፣ የድምጽ ባለሙያው ነው፣ የልጆቹ ፕሮግራም ነው። ሰው ብሩ የት እንደሚገባ ሲያውቅ ለመወሰን አይቸገርም። «እናያለን»፣ «ከባለቤቴ ጋር ተነጋግሬ እደውላለሁ» ካሏችሁ ደሞ አንዴ ደውሉና ካልሆነ በክብር ተዉዋቸው፣ በኛ ሰው ዘንድ ይሄ ብዙ ጊዜ አይሆንም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁላችንም እነዛኑ አስር ምግብ ቤቶች ነው የምናስጨንቀው። ዝግጅታችሁ ላይ የሚመጣው ሰው ማነው ብላችሁ መጀመሪያ አስቡ፣ ቤት ሊገዛ የሚያስብ፣ አገር ቤት ብር የሚልክ፣ እናት አባቱን ያመጣ፣ ልጁን ኮሌጅ ሊያስገባ ያለ ሰው ነው። ስለዚ ይሄን ሰው የሚፈልገው ማነው? ቤት የሚያሻሽጡ ኤጀንቶች፣ የሞርጌጅ ሎን ኦፊሰሮች (የቤት ብድር የሚያመቻቹ)፣ ገንዘብ አስተላላፊዎች፣ የኢንሹራንስ ወኪሎች። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በየአመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ የሚያደርገው ውድድር፣ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረ ማለት ነው፣ ሜዳው ዳር ያለውን የቡዝ (ነጋዴዎች ስራቸውን የሚያስተዋውቁበት ቦታ) ብዛት ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ነጋዴው ሰው ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይመጣል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የእንቁጣጣሽ ሰዎች ይሄን ልብ በሉልኝ፣ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግስት ጤና ኢንሹራንስ) ምዝገባ ኦክቶበር 15 ይጀምርና ዲሴምበር 7 ያልቃል፣ የኦባማኬር የሚባለው፣ ሰው ለራሱ የሚገዛው የጤና ኢንሹራንስ፣ ደሞ ኖቬምበር 1 ይከፈታል፣ ስለዚ ሴፕቴምበር ላይ የኢንሹራንስ ወኪል አማርኛ ተናጋሪ ሰው ፍለጋ ላይ ነው፣ እናንተ ደሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው አላችሁ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችም በየሶስት አመቱ የአካባቢውን ህዝብ የጤና ችግር አጥንተው እቅድ ማውጣት ህጉ ያስገድዳቸዋል፣ «ደም ግፊትና ስኳር የሚለኩበት ቡዝ እንሰጣችኋለን፣ አስተርጓሚ ከኛ» ብትሏቸው ጆሮ ይሰጣሉ። ግን ትልልቅ ድርጅቶችን ኦገስት ላይ አትጠይቁ፣ ብዙዎቹ የሚቀጥለውን አመት ባጀት የሚሰሩት በመጸው ወራት ነው፣ ለሴፕቴምበር ዝግጅት ጃንዋሪ ላይ ኢሜይል ካልላካችሁ «ለዘንድሮ አልቋል» ነው መልሱ።

አሁን ስለ ሰው ብዛት። አትዋሹ። አምስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከራይቶ ሁለት ሺ ሰው ይመጣል ብሎ የሚጽፍ ኮሚቴ አይቻለሁ፣ ፈረንጁ አዳራሹን ጉግል አድርጎ ያየዋል እኮ። በር ላይ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን ያምናውን ቁጥር ጻፉ፣ ሶስት መቶም ቢሆን እውነት ከሆነ ይበቃል። ሌላው የሰዓታችን ነገር ነው፣ ይሄን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። አንድ አመት ከአንድ ባንክ የመጣች ሴትዮ ፍላየሩ (የጥሪ ወረቀቱ) ላይ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት 4 ሰዓት ስለሚል በሰዓቱ መጣች፣ ጠረጴዛዋን አለበሰች፣ እስክሪፕቶና የጨርቅ ቦርሳዎቹን ደርድራ ተቀመጠች፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ወንበር የምናስተካክለው እኛና የድምጹ ልጅ ብቻ ነበርን። ሰው መግባት የጀመረው በፈረንጅ ሰዓት ማታ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ እሷ ስድስት ተኩል ላይ እቃዋን ሰብስባ ሄዳለች፣ ከዛ በኋላ ኢሜይላችንን የመለሰልን የለም። ጥፋቱ የኛ ነው። አሁን ለስፖንሰር የምንነግረው ፍላየሩ ላይ ያለውን ሳይሆን እውነተኛውን ሰዓት ነው፣ ንግግር ካላቸውም ምግብ ከመቅረቡ በፊት እናደርገዋለን፣ እንጀራው ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም።

ታክስ ላይ ያለችውን ነገር ደሞ ብዙ ሰው አያውቃትም። ማህበራችሁ አሜሪካ ውስጥ ከታክስ ነጻ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ የስፖንሰሩን ስምና ሎጎ ማሳየት፣ ማመስገን፣ አድራሻውን መናገር ችግር የለውም። ኤምሲው (መድረክ መሪው) ግን ሞቅ ሲለው «ከነሱ የረከሰ የለም፣ ሄዳችሁ ግዙ!» ካለ ምስጋናው ማስታወቂያ ይሆናል፣ የማስታወቂያ ገቢ ደሞ ታክስ ሊያስከፍል ይችላል። የስፖንሰሮቹን አረፍተ ነገር ጽፋችሁ ስጡትና ከወረቀቱ ያንብብ። 250 ዶላርና ከዛ በላይ በእርዳታ ለሰጠ ሰው የጽሁፍ ማረጋገጫ ስጡ፣ ያለሱ ታክስ ከሚከፍልበት ገቢው ላይ መቀነስ አይችልም፣ እራት ያለበት ትኬት ከሆነ ደሞ የእራቱ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ።

ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ሪፖርት ላኩ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ብሩ ምን ላይ ዋለ፣ ባነራቸው ከኋላ የሚታይበት ሁለት ሶስት ፎቶ፣ በቃ። ለኛ ነጋዴዎች ግን ኢሜይል አይበቃም፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ስጧቸው። እትዬ ጋ በሚቀጥለው አመት አንድ ልጅ አብሮኝ ሄደ፣ እሳቸው ቀደም ብለው ባዋጡት ብር የተገዛውን የባህል ልብስ ለብሰው ልጆቹ ሲጨፍሩ የሚያሳየውን ፎቶ ይዘንላቸው፣ ባንኮኒው ላይ ለጠፉት። አሁንም አለ፣ ዘንድሮ እኔ ሳልሄድ እሳቸው ናቸው ደውለው ብሩን ልስጥ ያሉኝ።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በማህበሩ ስም የባንክ አካውንት ክፈቱ። «ቼኩን በማን ስም ልጻፈው» ሲሏችሁ «ለኔ በዜል (በስልክ ብር መላኪያው) ላኩልኝ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ፣ ሰውየው ፈገግ ብሎ «እናያለን» ይላችኋል።