ስለ ኤስኤንኤምፒ ኮሚዩኒቲ ከባሕር ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ኔትወርክ የምትይዙ ልጆች በሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ጉዳይ የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ላይ ነው ያረፈው። ኤስኤንኤምፒ ሞኒተሪንግ ሶፍትዌሩ ስዊቾችንና ሌሎች የኔትወርክ መሣሪያዎችን ስለ ሁኔታቸው የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ ኮሚዩኒቲ ስትሪንግ ደግሞ ጠያቂው መልስ እንዲያገኝ የሚያቀርበው፣ እንደ ይለፍ ቃል ያለ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ስዊቹን ዛቢክስ የሚባለው ሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ላይ አስገባሁት። ፒንግ ይመልሳል፤ ኤስኤንኤምፒው ግን «ታይም አውት» ይላል። ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ደህና ነው። ኮሚዩኒቲው ሲሳሳት ስዊቹ ለጠያቂው «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ዝም ይለዋል። ሶፍትዌሩ ያንን ዝምታ ነው ታይም አውት የሚለው። መጀመሪያ ፊደሉን እይ፤ ትልቅና ትንሹ ይለያያል። ከቴሌግራም ኮፒ አድርገህ ከሆነ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለዓይን አይታይም። ዛቢክስ ኮሚዩኒቲውን የሚወስደው ከማክሮ (ዋጋ ተሞልቶለት ከሚቀመጥ ስም) ነው፤ ማክሮው ደግሞ ሲመጣ «ፐብሊክ» ተብሎ ተሞልቶ ነው። ስዊቹ ላይ ቀይረህ እሱን ከረሳህ መቼም አይግባቡም።

ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ ዩዲፒ 161 (የኤስኤንኤምፒ ጥያቄ የሚገባበት የኔትወርክ በር) ፋየርዎል ላይ እንዳልተዘጋ አረጋግጥ። ከዚያ ኤስኤንኤምፒዎክን (መሣሪያውን በእጅ የሚጠይቀውን ትእዛዝ) ዛቢክሱ ካለበት ሰርቨር ላይ ሞክር። ላፕቶፕህ ላይ ብትሞክረው ስዊቹ የሚፈቅደው ለሰርቨሩ አይፒ ብቻ ከሆነ በከንቱ ትደክማለህ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቢሮ ነው ያለኝ። ፐብሊክ ብዬ ብተወው ማን ያየኛል?

መልስ፦ መንገድ ላይ ጠብቆ ትራፊክህን የያዘ ሁሉ ያየዋል። የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 2ሲ ኮሚዩኒቲውን ሳይመሰጥር፣ እንዳለ ነው የሚልከው። ፐብሊክ ደግሞ ማንም መጀመሪያ የሚሞክረው ቃል ነው። ከሁሉ የከፋው መጻፍ የሚፈቅደው «ፕራይቬት» ነው፤ እሱን ያገኘ ሰው ፖርት ሊዘጋብህ ይችላል። ለሞኒተሪንግ ማንበብ ይበቃል፣ የመጻፊያውን አጥፋው። የማንበቢያውን ረዘም ያለ አድርገው፣ ለሰርቨሩ አይፒ ብቻ ፍቀድ። ሲስኮ ላይ «አት» የሚባለውን ምልክት አታስገባበት፤ ከቪላን (ስዊች ላይ ከሚከፈል ንዑስ ኔትወርክ) ቁጥር መለያው ጋር ይጋጫል። የእንግዶች ዋይፋይና የስዊቾቹ ማስተዳደሪያ አንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ ግን ዛሬውኑ ለያቸው።

ጥያቄ፦ ቨርዥን 3 ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ኮሚዩኒቲ የሚባል ነገር የለውም፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለው፣ ምስጠራም ይችላል። መሣሪያው ከቻለ እሱን ተጠቀም። ካልቻለ 2ሲ። ቨርዥን 1ን ተወው፤ በፖርት ያለፈውን ዳታ የሚቆጥር ባለ 64 ቢት ቆጣሪ የለውም። ሙሉ በሙሉ የተጨናነቀ ባለ አንድ ጊጋ ፖርት ባለ 32 ቢቱን ቆጣሪ በ34 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ያስጀምረዋል። በየደቂቃው የምትጠይቅ ከሆነ ግራፉ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳ አካባቢ ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አዲሱ ሲስኮ ስዊች ከሞኒተሪንጉ ጠፋብኝ። ትናንት እኮ ይሠራ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ኮሚዩኒቲውን ካስገባሽ በኋላ ሴቭ አላደረግሽውም መሰለኝ። ሲስኮ ላይ «ራይት ሜሞሪ» እስክትይ ድረስ ያስገባሽው ሁሉ ከመብራቱ ጋር ይሄዳል። ሚክሮቲክ ራሱ ያስቀምጣል።

ጥያቄ፦ ስዊቹ ሳይጠፋ «ሪስታርት አደረገ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣብኝ።

መልስ፦ የአፕታይም ቆጣሪው (መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ምን ያህል እንደቆየ የሚለካው) በመቶኛ ሰከንድ ስለሚቆጥር በ497 ቀን ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። (በእኛ መብራት እዚያ የደረሰ ስዊች ካለህ ዩፒኤስህን ልይልህ።) መሣሪያው ቨርዥን 3 የሚያውቅ ከሆነ «ኢንጂን ታይም» የሚባለውን አስነብበው፤ እሱ በሰከንድ ስለሚቆጥር ቶሎ አይሞላም።