የወባ ዲኤንኤ ክትባትን አይጥ ላይ ልሞክር ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽ «የዲኤንኤ ክትባት አይጦችን ከወባ ከጠበቀ 30 ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልደረሰም? ሀዋሳ ላይ ለማስተርሴ ልሥራው ወይ?» የሚል ነበር። የላብ አይጥ ይዤ ዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

እውነት ነው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የስፖሮዞይቱን (ትንኝ ስትነክስ የምታስገባው፣ መጀመሪያ ጉበት የሚገባው የወባ ተውሳክ ቅርጽ) የሽፋን ፕሮቲን ዘረ መል የያዘ ፕላዝሚድ (ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ) የተወጉ አይጦች ከወባ ተጠብቀዋል። ያ ተውሳክ ግን ፕላስሞዲየም ዮሊ ነው፤ ሰውን አይዝም። የእኛዎቹ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ደግሞ ተራ አይጥን አይዙም። የአይጡ ዝርያ ሲቀየር እንኳ ጥበቃው ይለያያል። መጠኑንም አስቢው፤ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 100 ማይክሮግራም ብትሰጪ፣ በክብደት ሲሰላ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 240 ሚሊግራም ይሆናል። በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣው የሰው ሙከራ ትልቁ መጠን 2.5 ሚሊግራም ነበር። ከ20 ፈቃደኞች 11ዱ ገዳይ ቲ ሴል (የተበከሉ ሴሎችን የሚገድል የመከላከያ ሴል) አዳበሩ፣ ፀረ እንግዳ አካል ግን አልታየባቸውም።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ። እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ጽፌ ነበር። ከታመመች አይጥ በርጌይ የሚባለው የአይጥ ወባ ተውሳክ ያለበትን ደም ቀድቼ የተከተቡት ሆድ ውስጥ ልወጋ፣ ከዚያ ከጅራታቸው ደም ወስጄ በጊምሳ ቀለም ቀልሜ ተውሳኩን ልቆጥር። አማካሪዬ አንብበው «ተውሳኩ በጉበት ሳያልፍ ክትባትሽ የት ያገኘዋል?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ለመድኃኒት ሙከራ ትክክል የሆነው መንገድ ለዚህ ክትባት ጨርሶ አይሆንም፤ ክትባቱ የሚሠራው ስፖሮዞይቱና ጉበት ላይ ነው። በደም ከወጋሽ ጥሩውን ክትባት ከንቱ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አይጦቹም በከንቱ ይሞታሉ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስፖሮዞይት ደግሞ ከትንኝ ምራቅ እጢ ነው የሚገኘው። ከሐይቁ ዳር የተያዘ ትንኝ አያዋጣም፣ ላብ ውስጥ የተራባ ያስፈልጋል። በየአገሩ በብዛት የሚያራቡት አኖፊለስ ስቴፈንሲን ነው፤ እሱ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘው፣ ከተማ የሚወደው ወራሪ ትንኝ ነው። ማምለጫ የሌለው ክፍል ሳይኖር ሀዋሳ ላይ እንዳታስቢው፣ አደራ።

ስለዚህ ትንኝ ቤት ከሌላችሁ በደም ደረጃ ላይ ያለውን ተውሳክ የሚያጠቃ ክትባት ምረጪ፤ ያኔ ደም መውጋትሽ ትርጉም ይኖረዋል። ባዶ ፕላዝሚድ (የወባ ዘረ መሉ የሌለበት) የሚወጋ ቡድንም አይቅርብሽ፤ ፕላዝሚዱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ስለሆነ ብቻውን የአይጥን በሽታ መከላከያ ይቀሰቅሳልና ውጤቱ የክትባትሽ ይመስልሻል። ፕሮፖዛሉን ለእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ከማስገባትሽ በፊት እዚህ ለጥፊው፣ የአይጦቹን ቁጥር አብረን እናየዋለን።