ፊልሜን ሊያሳዩት ነው፤ ክፍያ ልጠይቅ? (ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ፌስቲቫል አጭር ፊልሜን መርጦታል። ክፍያ ብጠይቅ ይሰርዙኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ጠይቅ። ለዚያ ምሽት የአዳራሹ ኪራይ ይከፈላል፤ የፕሮጀክተር ባለሙያውም፣ ፖስተር አታሚውም ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። አታሚውን «ስምህ ይታወቅልሃል» ብሎ በነጻ የሚያሠራው የለም። ተመልካቹ የመጣው ፊልም ሊያይ ሆኖ ሳለ ከበጀቱ የሚረሳው ፊልም ሠሪው ብቻ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል። ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ በኢንተርኔትም ይለቀቅ እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ ይስፈር። ሳይፈርሙ ዲሲፒውን (ለሲኒማ ማሳያ የሚላከውን የፊልሙን ዲጂታል ቅጂ) አትላክ! ዲሲፒውን በዲጂታል ቁልፍ ቆልፈህ ብታዘጋጀው ደግሞ ቁልፉ የሚሠራበትን ቀንና ሰዓት የምትወስነው አንተ ነህ፤ ከተፈቀደለት የማሳያ መሣሪያ ውጭም አይከፍትም።

ጥያቄ፦ መግቢያው ነጻ ከሆነስ?

መልስ፦ ለተመልካቹ ግብዣ ያደረገው አዘጋጁ ነው፤ ወጪውንም እሱ ይቻል። ትኬት አለመሸጡ በአብዛኞቹ አገሮች ከፈቃድ ነጻ አያደርግም። ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነትም የፊልም መብት ባለቤትን ከማንኛውም ደራሲ እኩል ያየዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ልጠይቅ?

መልስ፦ ለየትኛው ፊልም? ስንት ደቂቃ ነው? አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል? ይህን ሳትነግሪኝ ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ግብሩስ?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ።

የፌስቲቫል አዘጋጅ፦ ይቅርታ፣ እኛ ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን። በዚህ አያያዝ ትንንሽ ፌስቲቫሎች ይዘጋሉ።

አንድ ኤዲተር፦ ከአመልካቾች ገንዘብ ትሰበስቡ የለም እንዴ? ያልተመረጠው ከፍሎ፣ የተመረጠው በነጻ ያሳያል ማለት ነው።

አዘጋጅ፦ እሱ የሚውለው ለመራጮቹ አበል ነው።

ኤዲተር፦ እንግዲያው መራጩ ይከፈለዋል፣ ሠሪው አይከፈለውም!

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ፤ ጥያቄ ተከማችቷል። ጥሬ ገንዘብ የሌለው አዘጋጅ ከትኬት ሽያጩ ድርሻ ይስጥ። የኒውዮርክ ፊልም ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ሀብታም አልነበረም፤ ከፊልም ኪራይ ገቢው ግን አብዛኛውን ለፊልሙ ባለቤት ይሰጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ዲሲፒውን ዛሬውኑ ላኪ ብለውኛል። ስለ ክፍያው በኋላ ብናነጋግራቸውስ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳታነቢ ነው የጠየቅሽው። ሳይፈርሙ አትላኪ!

ጥያቄ፦ በነጻ መስጠት ጨርሶ ነውር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለትምህርት ቤት፣ ለእስረኞች፣ ፊልሙ ውስጥ ታሪካቸውን ለሰጡን ሰዎች በደስታ እሰጣለሁ። ያን ጊዜም ደረሰኝ አዘጋጃለሁ፤ መደበኛ ክፍያውን እጽፍና ከሥሩ «በባለቤቱ ፈቃድ የተተወ» እላለሁ። ተቀባዩ ምን እንደተሰጠው ያውቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲይዝም ያንን ቁጥር ያገኘዋል።