ደራሲ በየትኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር መምህርት ነኝ። የመጀመሪያ የአጫጭር ልቦለዶች መድበሌን ለማሳተም እየተዘጋጀሁ ሳለ ወዳጆቼ «ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብ፣ ሁሉም ላይ ካልወጣሽ መጽሐፉ አይሸጥም» ይሉኛል። ከሥራና ከልጆች የሚተርፈኝ ጊዜ ግን በቀን አንድ ሰዓት አይሞላም። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ እኅታችን፣ በሁለቱ ይወሰኑ፤ ቴሌግራምን ቤት፣ ፌስቡክን ደጅ ያድርጉ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ አምስት ቦታ ሲበተን ትርፉ ድካም ነው፤ ያም ጊዜ ቢሆን በቅድሚያ የሚገባው ለመጻፉ ነው።

ቴሌግራምን ያስቀደምሁት ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ ስለሚያደርስ ነው። በቻናል የለቀቁት ነገር ቻናሉን ለተቀላቀለ ሁሉ በተለቀቀበት ተራ ይደርሰዋል፤ በፌስቡክ ግን የለጠፉትን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ፌስቡክ ራሱ ነው። አንድ የቴሌግራም መልእክት እስከ 4,096 ፊደል ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚሸከም ይህ በግምት 700 ቃል ይሆናል፣ አጠር ያለ ታሪክም ሳይቆረጥ ይገባበታል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የሽፋኑን ፎቶ አስቀድመው ታሪኩን ከሥሩ ለመለጠፍ ሲሞክሩ ነው፤ ከፎቶ ሥር የሚፈቀደው 1,024 ፊደል ብቻ ስለሆነ ታሪኩ ገና መሞቅ ሲጀምር ቦታው ያልቃል። ፎቶውን ለብቻ፣ ታሪኩን ለብቻ ይልቀቁ። ሰዓቱንም ይምረጡ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲሰበስብ በከዚራ ዛፎች ሥር ስልኩ ላይ ያላቀረቀረ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ፌስቡክ የቀድሞ ተማሪዎችዎና በውጭ አገር ያሉ የድሬ ልጆች በስምዎ ፈልገው የሚያገኙዎት ደጅ ነው። የግል አካውንት 5,000 ጓደኛ ላይ ስለሚቆም በደራሲነት ስምዎ ፔጅ ይክፈቱ፤ የታሪኩን መግቢያ እዚያ አስነብበው ለቀሪው ወደ ቻናሉ ይጥሩ። ቲክቶክ ካሜራ ፊት ማውራት ለሚወድ ሰው መልካም ነው፤ ካልወደዱት አይሞክሩት፣ ያስታውቃል። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶ ሥር የተጻፈ ሊንክ ተጭነው የማይከፍቱት ስለሆነ አንባቢን ወደ ቻናል ለመምራት አይመችም። ዩቲዩብ ታሪክዎን በድምፅ መተረክ እስኪጀምሩ ይቆይ።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን ሌላ ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ ለማንም አይላኩ፣ «ለአስተያየት ብቻ» ለሚል የቅርብ ወዳጅም ቢሆን። እኔ ረቂቄን ለሁለት ሰዎች ልኬ በሳምንቱ በማላውቀው ቻናል ላይ አገኘሁት፤ ያውም ከነፊደል ግድፈቱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ይሁንና ከቻናል ወደ ቻናል የሚዘዋወርን ፋይል እየተከታተሉ ማስወረድ የእርስዎን አንድ ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው። ቴሌግራም በቻናል የተለቀቀ ነገር ወደ ሌላ እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ የሚያግድ ማስተካከያ አለው፤ ነገር ግን ለቅንጫቢዎች አይጠቀሙበት፤ ቅንጫቢ የሚለቀቀው እንዲተላለፍ ነውና።

በመጨረሻም በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው እንደነበር ያስታውሱ። ስለዚህ በጽሑፍዎ ላይ አስተያየት የሚሰጡትንና «መቼ ይወጣል?» እያሉ የሚጠይቁትን አንባቢዎች ስልክ ቁጥር፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በደብተር ይመዝግቡ። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት በወጣ ዕለት መጀመሪያ የሚደውሉት ለእነርሱ ነው።