ስለ አንሪ ትሯያ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊ ደራሲ ሆኖ ሳለ ስለ ሩሲያውያን ይህን ያህል የጻፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ትሯያ የብዕር ስም ነው። በ1911 በሞስኮ ሲወለድ ሌቭ ታራሶቭ ይባል ነበር። የአርመን የዘር ሐረግ ያለው ባለጸጋ ቤተሰቡ አብዮቱን ሸሽቶ በ1920 ፓሪስ ገባ። በ1938 ትልቁን የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ጎንኩርን፣ ያገኘው ግን በልብ ወለድ ነው።

ጥያቄ፦ ከየትኛው መጽሐፍ ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ብዙዎች በ1965 የወጣውን «ቶልስቶይ» ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን የ1946ቱን «ፑሽኪን» እመርጣለሁ። ፑሽኪንን በ1837 በፍልሚያ ያቆሰለው ፈረንሳዊው መኮንን ዳንቴስ፣ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኋላ በጉዲፈቻ ልጁ ላደረገው ለኔዘርላንድ አምባሳደር ለሄከረን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ በፑሽኪን ሚስት ፍቅር እንዳበደ ይናዘዛል። ትሯያ ከዳንቴስ ዘሮች እጅ ያገኛቸውን የእነዚህን ደብዳቤዎች ቅንጫቢዎች በዚህ መጽሐፍ ይፋ በማድረጉ፣ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ከገጣሚው ወዳጆች አፍ ብቻ ሲነገር የኖረው ታሪክ የባላንጣውንም ድምፅ አገኘ።

ጥያቄ፦ የፑሽኪን ቅድመ አያት ኢትዮጵያዊ መሆኑ ተረጋግጧል?

መልስ፦ አልተረጋገጠም። አብራም ጋኒባል ከአቢሲኒያ መጣ የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ የጸና ሲሆን፣ የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዮዶኔ ኛማንኩ ግን የትውልድ ቦታው በቻድ ሐይቅ አቅራቢያ የሚገኘው ሎጎን ነው ሲል ተከራክሯል። አዲስ አበባ ላይ በፑሽኪን ስም አደባባይ ስላለን ብቻ ክርክሩ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ አጻጻፉ ልብ ወለድ ይመስላል፤ እምነት ይጣልበታል?

መልስ፦ ልብ ወለድ የሚያስመስለው የአተራረኩ ፍጥነት ነው እንጂ ዋናው ጥሬ ዕቃው ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ ነው። ቶልስቶይ በ1862 ከሠርጉ በፊት የወጣትነት ኃጢአቱን ሁሉ የያዘውን ማስታወሻ ለእጮኛው ለሶፊያ ሰጥቷት፣ እርሷም አንብባ አልቅሳለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ማስታወሻ ይጽፉ ስለነበር፣ ትሯያ የባልን ቃል ከሚስት ቃል ጎን እያቆመ ጠባቸውን ለአንባቢ ያሳያል። ለማንኛቸውም በግልጽ አለማዳላቱን እወድለታለሁ።

ጥያቄ፦ ከሌላ ሰው ሥራ ቀድቷል የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሩሲያውያኑን መጻሕፍት አይመለከትም። የቪክቶር ሁጎ ወዳጅ ስለነበረችው ስለ ዡልየት ድሩዌ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ከሌሎች ሁለት ደራስያን ሥራ መውሰዱን የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2003 ወስኖበታል። እርሱም በ2007 አረፈ።