ዘመዳችሁን “እናንተ ጋ ምን ይባላል?” ብላችሁ አትጠይቁ

አሜሪካ ከገባሁ 27 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለአዲስ ገቢው ቅጽ ስሞላ፣ ሥራ ሳፈላልግ፣ አስተርጓሚ ሆኜ ፍርድ ቤት ስመላለስ ብዙ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ በጦርነት ጊዜ፣ ምስጢር በመጠየቅና በማውራት፣ አፋችን ስለሚያመጣብን ጣጣ። ቆጣ ካልኩ ታገሱኝ። የምቆጣበት ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

1. ወረቀቱ

የመንግሥት ወይም የኮንትራክተር (ለመንግሥት በውል የሚሠራ ኩባንያ) ሥራ አግኝታችሁ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ ከተጠየቃችሁ ኤስኤፍ 86 የሚባል ከ100 ገጽ በላይ የሆነ ቅጽ ትሞላላችሁ። አገር ቤት ያለውን ዘመድ፣ የምትረዱትን ሰው፣ በስማችሁ ያለውን ቤትና ቦታ ሁሉንም ጻፉ። ለእናት ገንዘብ መላክ ወንጀል አይደለም፣ መደበቁ ነው የሚያስጠይቀው።

2. መርማሪው የሚመጣበት መንገድ

“ማን ያውቅብኛል? ቴሌግራም ላይ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ” የሚል ሰው አጥቼ አላውቅም። እስቲ ይህን ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ስለ ዩክሬን ጦርነት የሚያትቱ የአሜሪካ የስለላ ሰነዶች ፎቶ እየተነሱ ዲስኮርድ በሚባለው የተጫዋቾች መወያያ መድረክ ላይ ተገኙ። ያወጣቸው ጃክ ቴሼራ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ነው፣ የማሳቹሴትስ አየር ብሔራዊ ዘብ አባል። የውጭ መንግሥት አልቀጠረውም። አብረውት ጨዋታ ለሚጫወቱ ጓደኞቹ ነው ያሳየው። ታዲያ እንዴት ደረሱበት? በፎቶዎቹ ጠርዝ ላይ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የድንጋይ ንጣፍ ይታይ ነበር። ጋዜጠኞች ያንን ድንጋይ ከቤተሰቡ ቤት ፎቶ ጋር አስተያዩት፣ አንድ ሆነ። ኤፍቢአይ ደግሞ ለዲስኮርድ መለያው ክፍያ የተመዘገበውን ስምና አድራሻ ከኩባንያው ወሰደ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን የትኛውን ሰነድ መቼ እንደከፈተ ኮምፒውተሩ መዝግቦ ያስቀምጣል። ወሬው ሲወጣ፣ ኤፕሪል 6 ቀን፣ ልጁ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር “ሾልኮ ወጣ” ተብሎ የተጻፈ ነገር እንዳለ ፈልጎ ነበር። ፍለጋውም ተመዝግቦ ቆየው። በሳምንቱ ኤፕሪል 13 ቤቱ ድረስ መጥተው ያዙት። ጥፋቱን አመነ፣ በኖቬምበር 2024 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የአየር ዘቡ ሌሎች 15 ባልደረቦችም በዚሁ ጉዳይ ተቀጥተዋል።

የዚህ ዓይነት ምርመራ የሚነሳው ከሰነዱ ነው። ስንት ሰው ከፈተው? ከከፈቱት ውስጥ ማን አተመው? ካተሙት ውስጥስ ማን ከውጭ ሰው ጋር ተጻጽፏል? በ2017 ከአንድ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሾልኮ የወጣ አንድ ሪፖርት ነበር። ያተሙት ሰዎች ሲቆጠሩ 6 ሆኑ፣ ከስድስቱ ከጋዜጠኞቹ ጋር ኢሜይል የተጻጻፈችው አንዲት ልጅ ብቻ ሆነች። ወንፊቱ እንዲህ እየጠበበ ሄዶ አንድ ስም ላይ ይቆማል።

ይህን ያነሳሁት ክሊራንስ ላለው ብቻ አይደለም። አገር ቤት በኖቬምበር 2021፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ የጦር እንቅስቃሴንና የግንባር ውሎን ከተፈቀደለት አካል ውጭ ማሰራጨት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከልክሎ ነበር። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሌላ አዋጅ መጣ። እኛ ግን እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠን “ሰበር” እያልን እንለጥፋለን። ወንድሜ፣ በዚያ ቪዲዮ ላይ የወታደር መኪናው ብቻ አይደለም የሚታየው። እህትህ የቀረጸችበት መስኮት ይታያል፣ መጋረጃዋ ይታያል፣ ማዶ ያለው ውሃ ታንከር ይታያል። አንተ 300 “ላይክ” ታገኛለህ፣ በሯ የሚንኳኳባት እሷ ናት። ስንት ጊዜ ነው ይህን የምንለው? እስራኤል ያላችሁም እንደዚሁ፤ በጁን 2025ቱ ጦርነት ሚሳይል የወደቀበትን ቦታ ማሳየት በወታደራዊ ሳንሱር ሥር ነበር፣ ፖሊስም ይከታተለው ነበር።

3. “ለአገሬ ብዬ ነው”

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖር የነበረውን ወገናችንን ጉዳይ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስሙን አልጠራም፣ ቤተሰብ አለው። ሲያዝ የ50 ዓመት ሰው ነበር፣ ዜግነት ወስዶ፣ ለስቴት ዲፓርትመንት (ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) በኮንትራት ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። እጅግ ጥብቅ ምስጢር የሚያስገባ ክሊራንስ ነበረው። ኦገስት 24 ቀን 2023 ተያዘ፣ ክሱ ሴፕቴምበር 21 ይፋ ሆነ። የክስ ሰነዱ እንደሚለው ከዲሴምበር 19 ቀን 2022 እስከ ኦገስት 7 ቀን 2023 ቢያንስ ከ85 የስለላ ሪፖርቶች መረጃ ገልብጧል፣ የምስጢርነት ምልክታቸውን አጥፍቶ አውጥቷል፣ ለአንድ የውጭ አገር የደህንነት ሰው በተመሰጠረ መልእክት ልኳል። ሰነዱ አገሪቱን በስም አይጠራም፤ ኢትዮጵያ መሆኗን የዘገበው ኒውዮርክ ታይምስ ነው። እንዴት እንደተደረሰበት ልብ በሉ። የቴሼራ ነገር ከፈነዳ በኋላ ስቴት ዲፓርትመንት ለ60 ቀን የራሱን ጓዳ ሲፈትሽ ነው ምልክቱን ያገኘው። ዲስኮርድ ላይ ለጓደኞቹ በጉራ የለጠፈ ልጅ በሌላ ከተማ ያለ ሰው ላይ መብራት አበራ ማለት ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ክሱ ውስጥ ያ የደህንነት ሰው የጻፈለት መልእክት አለ። ይህች ውብ አገር የምንኮራበትን ታሪክ ለመጠበቅ ሕይወታቸውን የሚሠዉ ልዩ ሰዎች ምንጊዜም አሏት፣ ሁልጊዜ ትታወሳለህ ይለዋል። አያችሁ? ይህ ቃል የሚገባው አጥንት ድረስ ነው። እኔ በ27 ዓመት ስደቴ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም፣ ቢለኝ ዓይኔ እንባ ይሞላል። መንገዱ ይህ ነው። ማንም መጥቶ “ሰልልልኝ” አይልህም። “አገርህ ትፈልግሃለች” ነው የሚልህ።

የዚህን አገር ሕግ ደግሞ እወቁ። የስለላ ሕጉ የወጣው በ1917 ነው፣ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከገባች ከ2 ወር በኋላ። እስከ ዛሬ የሚከሰሱት በእሱ ነው። ለውጭ መንግሥት መረጃ በማስተላለፍ ለተከሰሰ ሰው ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ፣ እንዲያውም እስከ ሞት ይደርሳል። ሕጉ መረጃው አሜሪካን እንዲጎዳ ወይም ሌላ አገር እንዲጠቅም አስቦ መስጠትን ነው የሚለው። “አሜሪካን ለመጉዳት አልነበረም፣ አገሬን ለመጥቀም ነው” የሚል ሰው መከላከያ ያቀረበ ይመስለዋል። አቃቤ ሕጉ ማስረዳት የሚፈልገውን ነው በገዛ አፉ የነገረው። የአገር ፍቅር እዚህ ፍርድ ቤት ምስክርነቱ ለከሳሽ ነው። እናንተ ቡና ላይ “ምን አጠፋ? ለአገሩ አይደል እንዴ?” ስትሉ የሚሰማ የ22 ዓመት ልጅ አለ። ያ ልጅ ነገ ክሊራንስ ያለው ሥራ ይገባል።

4. አትጠይቁ

አሁን የራሴን ልናገር።

ኖቬምበር 2021 ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘዋል፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞቹን እያስወጣ ነው። ሁለት ወንድሞቼ ከነልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ሌሊቱን ስልክ ስነካካ ነው የሚነጋው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ለአንድ የመንግሥት ኮንትራክተር በኮምፒውተር ሙያ ይሠራል። ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ “እናንተ ጋ ምን ይባላል? አዲስ አበባ ይገባሉ ወይ?” ብዬ ጻፍኩለት። “ጋሼ፣ ስለ ሥራ ማውራት አልችልም” አለኝ፣ በጨዋነት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። በማግስቱ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልኩ። በአራተኛው “አጎቶችህ ሊያልቁ ነው፣ አንተ ደሞዝህን ትጠብቃለህ? ደም የለህም ወይ?” ብዬ ጻፍኩበት። ይህን በእጄ ጻፍኩ። ለአራስነቱ ገንፎ ያገነፋሁለት፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ጥምቀት ያወረድኩት ልጅ ነው።

አንዲት ነገር አልነገረኝም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ግፊት ሲመጣ ክሊራንስ ያለው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የጸጥታ ኃላፊ ማሳወቅ አለበት። ጠያቂው አጎት ይሁን፣ የነፍስ አባት ይሁን ለውጥ የለውም። እሱ አላሳወቀም። ለምን? “ጋሼን እንዴት እከሳለሁ?” ብሎ። እኔን አክብሮ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ክሊራንሱ ሲታደስ መርማሪው ፊት ለፊት አስቀምጦ “መረጃ እንድትሰጥ የጠየቀህ ሰው አለ?” ሲለው ዝም አለ፣ ከዚያ “የለም” አለ፣ ከዚያ ህሊናው አላስችለው ብሎ ስልኩን አውጥቶ አሳየ። መረጃ አውጥተሃል አላሉትም። ያልተባለበት ምክንያትም ቀላል ነው፣ አላወጣም። የጠየቁት ለምን ዝም አልክ ብለው ነው። ክሊራንሱ 14 ወር ታገደ። ክሊራንስ ከሌለ ሥራው የለም። ሊፈርም ቀጠሮ የያዘለት ቤት ቀረ። እናቱ፣ እህቴ፣ ለአንድ ዓመት አላናገረችኝም።

እኔ ቤትም ሁለት ሰዎች መጡ። በጣም ትሁት ናቸው፣ ውሃ እንኳን አልጠጡም። መልእክቶቼን አትመው ነበር፣ ከአማርኛው ጎን የእንግሊዝኛ ትርጉሙ አለ። “ደም የለህም ወይ” የሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ማስረዳት አቃተኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው በራችሁን ካንኳኳ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፤ ጠበቃ የመጥራት መብት አላችሁ፣ መዋሸት ግን የላችሁም። ለፌደራል መርማሪ መዋሸት ብቻውን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ምንም ያላጠፋ ሰው “አላውቅም” ብሎ ዋሽቶ ወንጀለኛ ይሆናል።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ። ልጃችሁ ፔንታጎን ገባ ብላችሁ ለቅሶ ቤት አታውሩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም በቤተሰብ ዋትስአፕ አትጻፉ፤ ከ60ው አባል ውስጥ 20ውን አታውቁትም። አገር ቤት ያለ ባለሥልጣን ዘመድ “ልጁን አገናኙኝ፣ ሰላም ልበለው” ሲላችሁ ቁጥሩን አትስጡ። ልጁ ዝም ሲላችሁ ኮራ፣ ፈረንጅ ሆነ አትበሉት፤ ዝም ያለው ስለሚወዳችሁ ነው። ልጆች ደግሞ፣ ታላቅ ሰው ገፍቶ ከጠየቃችሁ አሳውቁ። በዚያው ቀን አሳውቁ። ስድብ አይደለም፣ ክህደት አይደለም። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቆ ቢሆን አንድ ወረቀት ተሞልቶ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ቤት ተገናኘን። አሁን በግል ኩባንያ ይሠራል፣ ክሊራንስ የማይፈልግ ሥራ። ዶሮው ቀርቦ ሁላችንም ስለ ጎንደር መንገድ ስናወራ ተነስቶ ኩሽና ገባ፣ ወሬው እስኪቀየር ሳህን ሲያጥብ ቆየ። ተከትዬው ገባሁና ፎጣ አንስቼ የታጠበውን አደረቅኩለት። ምንም አልጠየቅኩትም።